ምዕራፍ ሰባት፦ በቤንዚን ደህና፣ በፕሮፔን በሽተኛ

በፕሮፔን የሚሄድ መኪና ሲያስቸግር የመጀመሪያው ተከሳሽ ፕሮፔኑ ነው። ሾፌሩ «ጋዙ ነው» ይላል፤ መካኒኩም ያምነዋል። ላፕቶፑን ከጋዙ ኮምፒውተር ጋር ያገናኝና ቁጥሮቹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። መኪናው ሁለት ቀን ይሻለዋል። በሦስተኛው ቀን ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ፣ ከኋላ ትልቅ የጭነት መኪና ተጠግቶ ሳለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ትጮኻለች፤ ሞተሩ አንዴ ይደነቃቀፍና ራሱን ወደ ቤንዚን ይመልሳል። ሾፌሩ ተመልሶ ወደ ጋራዡ፣ መካኒኩ ተመልሶ ወደ ላፕቶፑ። እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ፤ ኪሱም ይራቆታል።

ይህ ምዕራፍ ለተከሳሹ ጥብቅና ይቆማል። በጋዙ ላይ የሚቀርበው አብዛኛው ክስ የሌላ አካል ጥፋት ነው፦ የጎደለ የራዲያተር ውሃ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ በጨው የተበላ ሽቦ። ቤንዚን እነዚህን ድካሞች ችሎ ያሳልፋቸዋል፤ ፕሮፔን አይችላቸውም። ይህን የተረዳ ሰው ምርመራውን የሚጀምረው ከላፕቶፑ ሳይሆን ከሞተሩ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ እንጀራውን በመሪ የሚያገኝ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንጉ ጆርጂያ አቬኑ እስከ አሌክሳንድሪያው ዱክ ስትሪት ድረስ፣ ታክሲ ወይም ሊሞ የሚነዳ፣ አለዚያም በስልክ መተግበሪያ ሰው የሚያመላልስ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ለእነዚህ ሰዎች የነዳጅ ወጪ የየቀኑ ሒሳብ ነው። አብዛኞቹ መልሱን ያገኙት ከሃይብሪድ ነው፤ ጎረቤት አርሊንግተን ውስጥ ኤንቫይሮካብ የተባለው ድርጅት ከ2008 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ መኪኖቹ በሙሉ ሃይብሪድ የሆኑ ታክሲዎችን አሰማርቶ ነበር። ፕሮፔን የጥቂቶች ምርጫ ሆኖ ቀርቷል። ጥቂት መሆኑ ደግሞ ችግሩን ያከብደዋል። ቱርክ ወይም ፖላንድ ውስጥ የጋዝ መኪና በሚሊዮን ስለሚቆጠር ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በየሰፈሩ ይገኛል። እዚህ ግን ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ከመካኒኩ እኩል ማወቅ ይኖርበታል።

መኪኖቹ ከየት ይመጣሉ? ብዙዎቹ ከድርጅት ነው። በ1992 የወጣው የፌዴራል የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ፕሮፔንን ከአማራጭ ነዳጆች መደበው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከሚገዟቸው መኪኖች የተወሰነውን በአማራጭ ነዳጅ የሚሄድ እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2009 ደግሞ ቨርጂኒያ በመራችውና የደቡብ ምሥራቅ ግዛቶችን ባቀፈ ፕሮግራም፣ በ8.6 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል ድጋፍ፣ ከ1,000 በላይ የመንግሥትና የግል ድርጅት መኪኖች ወደ ፕሮፔን እንዲለወጡ ታቀደ። በእነዚህ ላይ ከተገጠሙት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ፕሪንስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሥራ ናቸው። የድርጅት መኪና ዕድሜው ሲገፋ በጨረታ ይወጣል። ሁለተኛው ባለቤት መኪናውን ሲረከብ የጥገና መዝገቡን አብሮ አይረከብም፤ ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ የሚነግረው የለም።

ከፋብሪካው ለጋዝ ተብሎ የወጣ መኪናና በኋላ የተለወጠ መኪናም አንድ አይደሉም። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ኬንሲንግተን ውስጥ የነበረው ባርውድ የታክሲ ድርጅት በ1990ዎቹ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱ ክራውን ቪክቶሪያዎች ነበሩት። የፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የታዳሽ ኢነርጂ ላቦራቶሪ እነዚህን ከቤንዚን አቻዎቻቸው ጋር አስተያይቶ ውጤቱን በ1999 አሳትሟል። እነዚያን መኪኖች ለጋዝ ያዘጋጃቸው ራሱ ፎርድ ነበር። በኋላ የተለወጠ መኪና ግን ሁለት ሥርዓት የተሸከመ ነው፤ የሁለቱ መገናኛ ደግሞ ዋናው የችግር በር ነው።

ነዳጁን ራሱን ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ፕሮፔንን ለይቶ ያወጣው ኬሚስት ዋልተር ስኔሊንግ የዚሁ የዋሽንግተን ተወላጅ ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ተምሯል። በ1910 ገደማ በአሜሪካ ማዕድን ቢሮ ሲሠራ፣ አንድ የፎርድ ሞዴል ቲ ባለቤት የገዛው ቤንዚን ቤት ሳይደርስ እየተነነ መጉደሉን ነገረው ይባላል። ስኔሊንግ የሚተነውን ክፍል መርምሮ ፕሮፔንን አገኘ፤ በ1913 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ለፍራንክ ፊሊፕስ በ50,000 ዶላር ሸጠው። የሞዴል ቲውን ባለቤት ያስመረረው ያ የመትነን ጠባይ ዛሬም የሥርዓቱ ጉልበትም ድካምም ነው። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ታንክ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ግፊት ስላለበት ብቻ ነው። ሲተን ይዘቱ ወደ 270 እጥፍ ይሰፋል፤ ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይሻል፤ ካላገኘ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያቀዘቅዛል።

አሁን በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ሥርዓት እንዲህ ይሄዳል። ፈሳሹ ከኋላ ካለው ታንክ ተነሥቶ በመኪናው ሆድ ሥር በቀጭን ቧንቧ አልፎ ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሶሌኖይድ ቫልቭና ፊልትሮ ይጠብቁታል። ቀጥሎ ሬዱሰሩ አለ፤ የራዲያተር ውሃ በውስጡ እየዞረ ስለሚያሞቀው ፈሳሹን ወደ ጋዝ ለውጦ ግፊቱን ይቀንሳል። ጋዙ በሁለተኛ ፊልትሮ አልፎ ወደ ጋዝ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል፤ እነሱም በማኒፎልዱ በኩል ለየሲሊንደሩ ያካፍላሉ። የጋዙ ኮምፒውተር የራሱ ሐሳብ የለውም፤ አስተርጓሚ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ለቤንዚን ኢንጀክተሮች «ለዚህን ያህል ጊዜ ተከፈቱ» ሲል ትእዛዙን ይቀበልና ለጋዝ በሚስማማ መጠን ለውጦ ያደርሳል። ተናጋሪው ራሱ ሲሳሳት አስተርጓሚውን መገሠጽ ነገሩን አያቃናውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም። ማብሪያውን ወደ ቤንዚን መልሶ መኪናውን በተለመደው መንገድ፣ በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ጭነት ለተወሰኑ ቀናት መንዳት ነው። በቤንዚንም ካስቸገረ ጋዙ ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው፤ እሱን የሚነካ መካኒክ የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል። በቤንዚን ደህና ሆኖ በጋዝ ብቻ ካስቸገረ ደግሞ ጋዙ ተጠርጣሪ ይሆናል እንጂ ገና አልተፈረደበትም። አንድ ጥንቃቄ አለ። ለረጅም ጊዜ በጋዝ ብቻ የተነዳ መኪና ቤንዚኑ አርጅቶ፣ የቤንዚን ኢንጀክተሮቹ ተጣብቀው፣ ፓምፑም ባዶ ታንክ ውስጥ ሲሽከረከር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሁልጊዜ የሚነሣው በቤንዚን ስለሆነ ሩብ ታንክ ያህል ትኩስ ቤንዚን እንዳይጎድልበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚያ ችግሩ የሚመጣበትን ጊዜ በወረቀት መያዝ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? ሚኒሞ ላይ ቆሞ ነው ወይስ ሀይዌይ ላይ ሲረገጥ? ታንኩ ሲሞላ ነው ወይስ ሊያልቅ ሲል? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል? ጥሩ መካኒክ ከእነዚህ መልሶች ብቻ ግማሹን መንገድ ይሄዳል። «አንዳንዴ ያስቸግራል» ብሎ ቁልፉን የሚያስረክብ ሾፌር ግን ለመገመት ይከፍላል።

ለምሳሌ ያህል የቆየ ክራውን ቪክቶሪያ እንውሰድ። ታክሲም ፖሊስም የነዳው፣ በ2011 ምርቱ ያበቃው ይህ መኪና ጠንካራ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር አለው፤ አንድ የታወቀ ድካምም አለበት። ከ1996 እስከ 2001 በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ሆኖ፣ ከፊት በኩል የራዲያተር ውሃ የሚያልፍበት ክፍል ይሰነጠቃል። ጉዳዩ በጋራ ክስ ፍርድ ቤት ደርሶ ፎርድ ከባለቤቶቹ ጋር በስምምነት ጨርሶታል። ስንጥቁ ትንሽ ሲሆን መሬት ላይ ኩሬ አይታይም፤ ውሃው በዝግታ ይጎድላል። የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ እንደቆመ ነው። ሾፌሩ ምንም አይጠረጥርም።

ሬዱሰሩ ግን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ ስለሆነ ውሃ ሲጎድል አየር የሚጠራቀመው እሱ ጋ ነው። የሚያሞቀው ውሃ ሲቋረጥ በውስጡ የሚተነው ፕሮፔን ሙቀቱን ይመጥጠዋል፤ ከውጭ ነጭ አመዳይ ይለብሳል፤ በውስጡ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን ይደርቃል፤ የሚወጣው ጋዝ ግፊቱ ይወርዳል። የጋዙ ኮምፒውተር ግፊት መውደቁን ሲያይ ሞተሩን ለማዳን ወደ ቤንዚን ይመልሰዋል። ቤንዚን የሬዱሰር ሙቀት ስለማይፈልግ መኪናው ወዲያው ይስተካከላል። ሾፌሩ ያየው ነገር አንድ ነው፦ በጋዝ ታመመ፣ በቤንዚን ዳነ። ጥፋቱ ግን ፕላስቲኩ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ጉዱ በዚህ አያበቃም። ከዚያው ስንጥቅ የሚያመልጠው ውሃ ካንዴላዎቹ ወደተቀመጡበት ጉድጓድ ሊፈስ ይችላል፤ ያኔ ማቃጠል የሚስት ሲሊንደር ይጨመርና መካኒኩ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ያሉ ይመስለዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ሬዱሰሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች በእጅ መንካት ነው። ሁለቱም እኩል መሞቅ አለባቸው። አንዱ ሞቆ አንዱ ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም። አየር ሊሆን ይችላል፣ የታጠፈ ጎማ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም በደንብ ካልሞቁ ደግሞ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቴርሞስታት በጥር ብርድ ሀይዌይ ላይ ውሃው ጭራሽ እንዳይሞቅ ያደርጋል። አንዳንዱ ገጣሚ ደግሞ የሬዱሰሩን መስመር የሚቀጥለው ከሂተሩ መዝጊያ በኋላ ነው። ያኔ ሾፌሩ ሂተሩን ሲያጠፋ የሬዱሰሩም ውሃ ይቋረጣል። በበጋ የሚያስቸግር፣ በክረምት ደህና የሚሆን የጋዝ መኪና ሲገኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። በነገራችን ላይ ሃይብሪድን ወደ ፕሮፔን መለወጥ አስቸጋሪ የሚሆነው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ በየመብራቱ እየጠፋ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ሬዱሰሩ ከሙቀት ጋር ሲሻማ ይውላል።

ውሃው ደህና ከሆነ ቀጣዩ ካንዴላ ነው። ፕሮፔንና አየር የተቀላቀሉበትን ጋዝ ለመለኮስ ከቤንዚን የበለጠ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ የበለጠ። የደከመ ኮይል ወይም አፉ የሰፋ ካንዴላ በቤንዚን ሳይታወቅ ወራት ሊያገለግል ይችላል፤ በጋዝ ግን ወደ ቤልትዌይ መግቢያ ላይ ሲረገጥ መኪናው ይንዘፈዘፋል፣ ቼክ ኢንጂኑም ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘገበው ኮድ ከፒ 0301 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር የሳተውን ሲሊንደር ይነግራል። በየካንዴላው ላይ ኮይል ባለበት ሞተር፣ የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይል ወደ አምስተኛው አዛውሮ መንዳት ይበቃል። ኮዱ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላው፣ ከዚያ የዚያ ሲሊንደር ጋዝ ኢንጀክተር ይታያል። ክራውን ቪክቶሪያው ከፋብሪካ የሚወጣው 1.4 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ የካንዴላ ክፍተት ነው፤ በጋዝ የሚሠሩ መካኒኮች ይህን ጠበብ ያደርጉታል። ካርቡራተር በሚመስል ማደባለቂያ የሚሠሩ አሮጌ ሥርዓቶች ላይ የደከመ ካንዴላ ጣጣው የከፋ ነው፤ ማኒፎልዱ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ወደ ኋላ ፈንድቶ የአየር ፊልትሮ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲረገጥ ብቻ ጋዝ የሚያጥረው መኪና መንገዱ የሆነ ቦታ ጠቧል። ሁለቱን ፊልትሮዎች መቀየር ከማንኛውም ምርመራ ይረክሳል፤ የመቀየሪያው ጊዜ እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ በጨረታ የተገዛ መኪና ላይ ግን ማይል ሳይቆጠር ወዲያው መቀየር ነው። ታንኩ ላይም ቧንቧ ቢበጠስ ፍሰቱን የሚዘጋ መከላከያ አለ። የታንኩ እጅ ቫልቭ በድንገት ከተከፈተ ይህ መከላከያ አደጋ የደረሰ መስሎት ራሱን ይዘጋል፤ ቫልቩን ዘግቶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በዝግታ መክፈት ነው። ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። የታንኩ ግፊት በ70 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 110 ፒኤስአይ ሲሆን፣ በ0 ዲግሪ ወደ 24 ይወርዳል። ዋሽንግተን ወደዚህ የሚጠጋ ብርድ የሚመጣባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ፊልትሮው በከፊል የተዘጋ መኪና መጀመሪያ የሚያምፀው በእነዚያ ቀናት ነው።

የነዳጁ ዓይነትም ይጠየቃል። በአሜሪካ ለመኪና የሚሸጠው ኤችዲ-5 የሚባለው ደረጃ ሲሆን ቢያንስ 90 በመቶው ፕሮፔን፣ ቢበዛ 5 በመቶው ፕሮፒሊን መሆን አለበት። በአውሮፓ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቡቴን የተቀላቀለበት ነው። ለዚያ ገበያ የተስተካከለ መሣሪያ እዚህ እንደመጣ ሲገጠም ማስተካከያው ልክ ላይመጣ ይችላል፤ ላፕቶፑ ተገቢ ሥራ የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከነዳጁ ጋር የሚመጣ ቅባት መሰል ዝቃጭ ደግሞ ሬዱሰሩ ግርጌ ይጠራቀማል፤ አልፎ ሄዶም የጋዝ ኢንጀክተሮቹን ያጣብቃል። ምልክቱ ጠዋት ጠዋት ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ፣ ሲሞቅ የሚረጋጋ ሞተር ነው።

ኢንጀክተርና ማስተካከያ ላይ ሲደረስ አንድ ቁጥር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ይኸውም የመኪናው ኮምፒውተር የሚያዘው የቤንዚን ኢንጀክተር የመከፈቻ ጊዜ ነው። ሞተሩ ሞቆ በቤንዚን ሚኒሞ ላይ ሲሠራ ይህ ጊዜ ለምሳሌ 3 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ወደ ጋዝ ሲቀየርም 3 አካባቢ መቆየት አለበት። ወደ 4 ከወጣ የመኪናው ኮምፒውተር «ነዳጅ አነሰኝ» እያለ ነው፤ ጋዙ ሳስቷል። ከወረደ በዝቷል። ይህንኑ የመኪናው ኮምፒውተር በመቶኛ ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ መካኒኮች እስከ 10 በመቶ ያለውን መዋዠቅ እንደ ጤነኛ ያዩታል። በቤንዚንም በጋዝም 20 በመቶ ከሆነ ማኒፎልዱ አየር ያስገባል ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሿል። በጋዝ ብቻ 20 ከሆነ ጥፋቱ ከግፊት፣ ከኢንጀክተር ወይም ከማስተካከያው አያልፍም። ፒ 0171 የሚለውን ኮድ አንብቦ የኦክስጅን ሴንሰር የሚቀይር ጋራዥ ይህን ንጽጽር አላደረገም።

ሽቦው አጭር ቃል ይበቃዋል። የጋዙ ሥርዓት ከመኪናው ሽቦዎች ጋር በብዙ ቦታ ይቀጠላል፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ከሦስት ክረምት የመንገድ ጨው በኋላ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መነቅነቅና የጋዙን ኮምፒውተር ማሳ ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚያስቸግር መኪና ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሞተሩ ጠዋት በቤንዚንም በጋዝም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቫልቭ መቀመጫዎቹ መበላታቸው ያሰጋል። ፕሮፔን ደረቅ ስለሆነ፣ ድብልቁ ሳስቶ ከቆየ ደግሞ በጣም ስለሚያግል፣ መቀመጫቸው ለስላሳ የሆነ ሞተሮች ቫልቫቸው ቀስ በቀስ ወደ ቴስታታው ይሰምጣል። ክፍተቱ በእጅ የሚስተካከልባቸው አንዳንድ የሆንዳ ሞተሮች በዚህ ይታወቃሉ። የኮምፕረሽን መለኪያ እውነቱን ያወጣል። ቫልቭ ለማዳን ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በሁሉም ሞተር ላይ ተአምር ይሠራል ማለት ማጋነን ነው፤ የቫልቩን ክፍተት በጊዜው መለካትና ጋዙ እንዳይሳሳ መጠበቅ የተሻለ ዋስትና ነው።

ቼክ ኢንጂን የበራበት መኪና ከጋራዡ ሌላ የሚፈራው ቦታ አለ። አሌክሳንድሪያ ያለ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት፣ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጠብቀዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በየሁለት ዓመቱ የሜሪላንድ የጭስ ምርመራ አለበት። በሁለቱም ቦታ መርማሪው ሽቦውን ሰክቶ የመኪናውን ኮምፒውተር ይጠይቃል። በዋዜማው ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት አያዋጣም፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ገና አለመጨረሱን ይናገራል። ከ2001 ወዲህ ለተሠራ መኪና ያልተጠናቀቀ ፍተሻ ቢኖር ከአንድ በላይ እንዳይሆን ነው ደንቡ። መብራቱ የሚበራው በጋዝ ሲነዳ ብቻ ከሆነ መኪናውን ለጥቂት ሳምንታት በቤንዚን ነድቶ መመርመር ይቻላል፤ ችግሩ ግን ተላለፈ እንጂ አልተፈታም።

ከዚህ የከበደ ሕግም አለ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ኢፒኤ የመኪናን የነዳጅ ሥርዓት ያለ ፈቃድ መለወጥን የጭስ መቆጣጠሪያን እንደ መነካካት ይቆጥረዋል። በ2011 ደንቡን አሻሽሎ ለአሮጌ መኪኖች ነገሩን አቅልሏል እንጂ አላስቀረውም። ከጣሊያን ወይም ከፖላንድ በኢንተርኔት የተገዛ ርካሽ መሣሪያ፣ ሥራው ምንም ቢያምር፣ ይህ ፈቃድ ከሌለው ሕጋዊ አይደለም። መኪና ከመግዛት በፊት ኮፈኑ ሥር ያለውን የለዋጩን ተለጣፊ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተለጣፊው ላይ የለዋጩ ስም፣ የሞተሩ ዓይነትና ቀኑ መኖር አለበት።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሽታ ከሌለ ነው። ፕሮፔን በራሱ አይሸትም፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ መፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ከሸተተ የታንኩን እጅ ቫልቭ መዝጋት፣ መኪናውን ሜዳ ላይ ማቆም፣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ማየት ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ከአየር ጋር ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲቀላቀል በብልጭታ ይያያዛል። የሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ብዙ ፎቅ መኪና ማቆሚያዎች ምድር ቤት፣ የሚያፈስ መኪና ጨርሶ የማይቆምበት ቦታ ነው። ታንኩ ከ80 በመቶ በላይ የማይሞላውም ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲኖረው ነው። በጥር 1999 ሊዮን አጠገብ ቬኒሲዩ ውስጥ አንድ የጋዝ መኪና በእሳት ተያይዞ ሳለ ታንኩ ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ አቆሰለ። ታንኩ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አልነበረውም፤ ፈረንሳይ ከዚያ በኋላ ቫልቩን ግዴታ አደረገች። በአሜሪካ ይህ ቫልቭ ከድሮም በደንቡ አለ። በመኪናው ቀኝ የኋላ ክፍል የሚለጠፈው «ፕሮፔን» የሚል ጥቁር አልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክትም የተጻፈው ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ነው፤ አስቀያሚ ነው ብሎ የሚልጠው ሰው ይህን አያስብም።

ሁሉም ተስተካክሎ መኪናው እንደ ሰዓት ሲሄድ ሒሳቡ ይቀራል። አንድ ጋሎን ፕሮፔን የያዘው ጉልበት ከአንድ ጋሎን ቤንዚን 73 በመቶ ያህል ነው። በቤንዚን በጋሎን 18 ማይል የሚሄድ መኪና በፕሮፔን 13 ማይል ገደማ ይሄዳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ለማስተካከል የሚሞክር መካኒክም ሊያመጣው የሚችለው ጋዙን ማሳሳት ብቻ ነው። ቤንዚን በጋሎን 3 ዶላር ከ20 ቢሸጥ፣ ፕሮፔን የሚያዋጣው ከ2 ዶላር ከ34 በታች ሲሆን ነው። የራሳቸው ማደያ ያላቸው ድርጅቶች በውል ስለሚገዙ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ያገኙታል። ለባርቢኪው ሲሊንደር ከሚሞላ ሱቅ የሚቀዳ ብቸኛ ሾፌር ግን አያገኘውም፤ ሠራተኛው እስኪመጣ የሚቆምበት ጊዜም ዋጋ አለው። የአንድ ጋሎን ቤንዚን ያህል ጉልበት ላለው ፕሮፔን 50 ሳንቲም ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የታክስ ድጋፍም በ2024 መጨረሻ አብቅቷል።

ሒሳቡ ካልመጣለት ሾፌሩ ሥርዓቱን አጥፍቶ በቤንዚን ብቻ መንዳት ይችላል። እንዲያ ሲያደርግ የታንኩን እጅ ቫልቭ መዝጋት፣ ፈሳሹን ደግሞ የፕሮፔን ነጋዴ በመሣሪያው እንዲያወጣለት ማድረግ አለበት፤ ጓሮ ውስጥ ቧንቧ ፈትቶ ማስተንፈስ ክልክልም ሞኝነትም ነው። ሬዱሰሩ ከተነሣ የውሃ ጎማዎቹ በቀጥታ መገናኘት፣ በማኒፎልዱ ላይ የተበሱት የኢንጀክተር ቀዳዳዎች በብሎን መደፈን፣ የተቆረጡት የቤንዚን ኢንጀክተር ሽቦዎች በብየዳ ተመልሰው መያያዝ አለባቸው። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ሳይደፈን ከቀረ ሞተሩ አየር እያስገባ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ፒ 0171ም ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ መኪናው ላይ የሚከሰስ ፕሮፔን እንኳ የለም።